ማንቲስ ቆዳዋን ስትቀይር አትንኳት

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። መስኮቴ ሥር ካለችው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ላይ ደረቅ ቅጠል የመሰለች ነገር ቁልቁል ተንጠልጥላለች። ምግብ እምቢ ካለች ሁለት ቀን ሆኗታል። ዝንብ አጠገቧ ሲያልፍ ወደኋላዋ ትሸሻለች። ድንገት ጀርባዋ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል። ከስንጥቁ ውስጥ እርጥብና ገርጣ ያለ ገላ በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ ደረቷና ጭንቅላቷ ይወጣሉ። ከዚያ እግሮቿ እንደ ራሰ ክር አንድ በአንድ ይመዘዛሉ። አሁን ከአሮጌው ቆዳ ጋር ያያያዛት የሆዷ ጫፍ ብቻ ነው። እንደተንጠለጠለች ትንሽ ታርፍና ሽቅብ ታጥፋ ባዶ ቆዳዋን ጨብጣ ትወጣለች። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው።

ማንቲስ የምትባለዋን ነፍሳት ማሳደግ ያማራቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ትበላለች?» ብለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመልሳለሁ። ግን እስከ ዛሬ ካሳደግኳቸው ውስጥ በረሃብ የሞተችብኝ የለችም። የሞቱብኝ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃው፣ ውሃው፣ ሙቀቱ፣ የምግቡ ሰዓት ሁሉ የሚታሰበው እሷን ግማሽ ሰዓት በሰላም እንድታልፍ ተብሎ ነው።

ማንቲስ ማለት እኛ ሰፈር በልጅነታችን የእግዜር ፈረስ የምንላት ናት። እናንተ ሰፈር ሌላ ስም ሊኖራት ይችላል። የፊት እግሮቿን አጥፋ እንደሚጸልይ ሰው የምትቆመው። ማንቲስ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ነቢይ ማለት ነው። በዓለም ላይ ወደ 2,400 የሚሆኑ ዓይነቶች አሏት። መልኳ ፌንጣ ቢመስልም የቅርብ ዘመዶቿ በረሮና ምስጥ ናቸው። ሰውን እምብዛም አትናከስም፣ መርዝ የላትም። ብዙውን ጊዜ ስትደነግጥ በፊት እግሮቿ ጣታችሁን ቆንጠጥ ታደርጋለች።

ዓይነቷ ብዙ ስለሆነ እኔ በደንብ ስለማውቃት ስለ አንዷ ላውራ። በፈረንጆቹ «ጎስት ማንቲስ» ትባላለች፤ የመንፈስ ማንቲስ እንደማለት ነው። የሳይንስ ስሟ ፊሎክራኒያ ፓራዶክሳ ነው። ሄርማን ቡርማይስተር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው በ1838 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሳይንስ መዝገብ ያሰፈራት። ትንሽ ናት። ትልቋ ሴት አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ወንዱ ከዚያም ያንሳል። ጭንቅላቷ ላይ የተጠማዘዘ ዘውድ የመሰለ ነገር አላት። ጎኖቿና እግሮቿ የተበላ ቅጠል ጠርዝ ይመስላሉ። ስትሄድ እንኳ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ነው። የምትኖረው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካና በማዳጋስካር ነው። ኢትዮጵያም ከአገሯ አንዷ ናት። እኔ ግን መጀመሪያ ያየኋት ጀርመን፣ የነፍሳት ገበያ ላይ፣ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ሆና ነው። የአገሬ ልጅ መሆኗን ያወቅኩት ቤት ወስጃት ስለ እሷ ሳነብ ነበር። ያኔ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ወደ ቆዳው ልመለስ። ነፍሳት እንደ እኛ ውስጣቸው አጥንት የለም። የሚደግፋቸው የውጭ ልብሳቸው ነው። ልብሱ እንደ ጥሩር ደረቅ ስለሆነ አብሯቸው አያድግም። ለማደግ የግድ አሮጌውን ጥለው ከሥሩ በተዘጋጀው ለስላሳ ቆዳ መውጣት አለባቸው። ጎስት ማንቲስ ከእንቁላል ወጥታ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ ይህን ስድስት ሰባት ጊዜ ታደርጋለች። አዲሱ ቆዳ ሲወጣ እንደ እርጥብ ወረቀት ነው። እስኪደርቅ የነካው ነገር ሁሉ ቅርጹን ያጣምመዋል። ብትወድቅ እግሯ በታጠፈበት ይደርቃል። እግሯ የታጠፈ ማንቲስ ደግሞ ማደን አትችልም።

ስለዚህ የቤቷ ቁመት ከስፋቱ ይበልጣል። የሚታሰበው እንዲህ ነው፤ ቁመቱ ቢያንስ የእሷን ርዝመት ሦስት እጥፍ፣ ወርዱ ሁለት እጥፍ ይሁን። ለአንዲት ትልቅ ጎስት አሥር በአሥር ሆኖ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዕቃ ይበቃታል። ክዳኑ ልሙጥ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አይሆንም። እግሯ ያዳልጣታል። ክዳኑን በሰፊው ቆርጣችሁ የትንኝ መከላከያ መረብ ወይም ሻሽ ለጥፉበት። እሷም ትጨብጠዋለች፣ አየርም ይገባል። ውስጡ አንድ ሁለት ቀጭን ደረቅ እንጨት ይበቃል። ቤቱን በጌጥ መሙላት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቁልቁል ስትወርድ የሚያደናቅፋት ነገር ከሥሯ መኖር የለበትም።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። አየሩ ሲደርቅ አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ጋር ይጣበቅና መሀል ላይ ይዟት ይቀራል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ በክረምት ማሞቂያ ስታበሩ የቤቱ አየር ምን ያህል እንደሚደርቅ ከንፈራችሁ ይነግራችኋል። በቀን አንዴ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ በሁለት ቀን አንዴ፣ የዕቃውን ግድግዳ በውሃ መርጫ ስስ አድርጋችሁ አርከፍክፉ። በቀጥታ እሷ ላይ አትርጩ። ጠብታውን ከግድግዳው ላይ ትጠጣዋለች፤ አፏን ጠብታው ላይ አድርጋ ሆዷ ሲንቀሳቀስ ማየት ደስ ይላል። ቀጣዩ ርጭት እስኪመጣ ዕቃው መድረቅ አለበት። ሁልጊዜ ከረጠበ ሻጋታ ይመጣል። ወለሉ ላይ ሶፍት ካነጠፋችሁ ማጽዳቱ ቀላል ነው። ሙቀቱ ቀን ቀን ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል፤ ሌሊት ትንሽ ቢቀዘቅዝ ችግር የለውም።

ሦስተኛው አለመንካት ነው። በዚህ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ወጣት ሴት ነበረችኝ። ሦስት ቀን ሳትበላ ቆየች። ታማለች ብዬ ፈራሁ። ምግብ ላቀርብላት ክዳኑን ከፈትኩት፤ እሷ ለካ ክዳኑ ላይ ተንጠልጥላ ቆዳዋን መቀየር ጀምራለች። ወደቀች። ሁለት እግሮቿ በግማሽ ታጥፈው ደረቁ። ለሁለት ሳምንት ዝንብ በወረንጦ ይዤ አጎረስኳት። በሚቀጥለው ቅያሪ አንዱ እግር ተስተካከለ፣ ሌላው አጠር ብሎ በቀለ። ወጣት ማንቲስ የተቆረጠ ወይም የተበላሸ እግሯን በየቅያሪው እየመለሰች ማብቀል ትችላለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ሌላ ቅያሪ ስለሌለ የሆነው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሆዷ ሞልቶ ምግብ እምቢ ካለች፣ ከክዳኑም ካልወረደች፣ ዝንቡን አውጡላትና ተዋት። ከቀየረችም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኳት እንድትጠነክር ጠብቁ።

አሁን ምግቡ። ማንቲስ የምትበላው በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ለትልቋ ጎስት ዝንብ ምርጥ ነው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት ዝንብ ይበቃታል። ቆሻሻ ላይ የዋለ ወይም ፍሊት የተነፋበት ቤት ውስጥ የተያዘ ዝንብ ግን አትስጧት። የሚሻለው ራሳችሁ የምታራቡት ወይም ከሻጭ የምትገዙት ነው። ሌሊት የሚጮኸውን ፌንጣ የሚሰጡም አሉ። ጎስት ግን ከወለል ነገር ይልቅ የሚበረውን ትወዳለች። ከዚህም በላይ ዕቃው ውስጥ የተረሳ ፌንጣ ቆዳዋን በምትቀይርበት ሰዓት ያገኛትና ይበላታል። የምትራብ መሆኗን የሚነግራችሁ ሆዷ ነው። ጠፍጣፋ ከሆነ ርቧታል፤ ከተነፋፋ ቆይ በሏት።

ለጨቅላዎቹ ደግሞ ሙዝ ሲበስል ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ የምትሰበሰበዋ ትንሿ የፍራፍሬ ዝንብ ትሆናለች። አርቢዎች የሚጠቀሙት መብረር የማትችለውን ዓይነት ነው፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር ቤቱን እንዳትሞላው። አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰለ ሙዝ ፈጭታችሁ ከአጃ ዱቄት ጋር ለውሱት። ጠብ የሚል ኮምጣጤ ጨምሩበት፤ ሻጋታ ይከላከላል። ከላይ ቁንጥር እርሾ ነስንሱበት። ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ዝንቦቹ የሚቆሙበት የተጨማደደ ወረቀት ክተቱና ሃያ ሠላሳ ዝንብ ልቀቁበት። አፉን በጨርቅ እሰሩት። በ25 ዲግሪ ሙቀት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲሱ ትውልድ ይወጣል። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ጠርሙስ ጀምሩ። ጨቅላዎች ተፈልፍለው ዝንብ የጠፋበትን ቀን ያየ ሰው ይህን ምክር ሁለተኛ አይነገረውም።

ስታድን ካያችኋት ዓይኗን ልብ በሉ። ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ በመሀላቸውም ሦስት ጥቃቅን ነጥብ የመሰሉ ዓይኖች አሏት። በትልልቆቹ ውስጥ የምታዩት ጥቁር ነጥብ በሄዳችሁበት የሚከተላችሁ ይመስላል። ብሌን አይደለም። ወደ እናንተ በቀጥታ የዞሩት የዓይኗ ክፍሎች ብርሃኑን ስለማይመልሱት ነው የሚጠቁረው። ሌሊት ደግሞ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። በሁለቱ ዓይኖቿ ርቀት መለካት እንደምትችል ሳሙኤል ሮሴል የተባለ ተመራማሪ በ1983 አሳይቷል። ከዚያ በእንግሊዝ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲዋ ጄኒ ሪድና ባልደረቦቿ ትንንሽ ባለ ሁለት ቀለም መነጽር በንብ ሰም ማንቲሶች ፊት ላይ ለጥፈው ልክ እንደ 3D ሲኒማ ፊልም አሳዩአቸው። ማንቲሶቹ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ምስል አየር ላይ ያለች መስሏቸው በእግራቸው ሊይዟት ዘረጉ። ውጤቱ የታተመው በ2016 ነው። ዝንቧን ከመንጠቋ በፊት ጭንቅላቷን ወደ እሷ አዙራ ትክ ብላ ስታያት ባያችሁ ቁጥር እየለካች እንደሆነ እወቁ።

ወደ ማራባቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚፈራው ሴቷ ወንዱን ትበላዋለች የሚለውን ነው። ትበላዋለች፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በዓይነቷና በረሃቧ ይወሰናል፤ ጎስት ደግሞ ከገራሞቹ ናት። በእኔ ልምድ ከመበላላቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጊዜው አለመገጣጠሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዱ ከሴቷ ባነሰ ቅያሪ ያድጋል። ክንፍ የሚያወጣው ከእሷ ቀድሞ ነው፤ የሚሞተውም ቀድሞ ነው። እሷ ደግሞ ክንፍ ካወጣች በኋላም ለመዳቀል ሦስት አራት ሳምንት ትፈልጋለች። ከአንድ የእንቁላል ቤት የወጡ ወንድምና እህቶችን በእኩል ሙቀትና በእኩል ምግብ ብታሳድጓቸው እሷ ስትደርስ እሱ አርጅቶ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ፆታቸውን ቶሎ መለየት ነው። በጎስት ይህ ቀላል ነው። የወንዱ ዘውድ ቀጭንና ጠመዝማዛ ሲሆን የሴቷ ሰፋ ያለ ነው። ሲያድጉ ደግሞ ከሆዳቸው በታች ያሉትን ቀለበቶች ቁጠሩ፤ ሴቷ ስድስት፣ ወንዱ ስምንት አላቸው። ከለያችሁ በኋላ ሴቶቹን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጣችሁ በደንብ አብሏቸው። ወንዶቹን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጋችሁ ምግባቸውን ቀነስ አድርጉ። በሳምንታት የሚቆጠር ልዩነት ያመጣል። ከሌላ አርቢ ወንድ መለዋወጥ ከቻላችሁ ደግሞ ይሻላል፤ ዘሩም አይደክምም።

ሴቷ ስትደርስ ራሷ ትናገራለች። ማታ ማታ የሆዷን ጫፍ ወደ ታች አጥፋ ትቆማለች። ወንዱን የሚጠራ ሽታ እየለቀቀች ነው። የወንዱ አንቴና ከእሷ ረዘምና ወፈር ያለው ይህን ሽታ ለመያዝ ነው። ከማገናኘታችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን አጥግቧት። ሰፋ ያለ፣ በሁሉም በኩል መረብ የሆነ ቤት ውስጥ አስገቧት። አንድ ዝንብ ስጧትና እየበላች ሳለ ወንዱን ከበስተኋላዋ ልቀቁት። ከዚያ መብራቱን ቀንሱና ተዋቸው። እሱ አይቸኩልም። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠል መስሎ ቆሞ ያድራል። ከተገናኙ በኋላ ለሰዓታት አይላቀቁም። ሲጨርሱ ሴቷ ሆድ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ እንክብል ብታዩ ተሳክቷል ማለት ነው። ወንዱን አውጡት፤ ውሃና ምግብ ስጡት።

ጭንቅላቱ የተበላ ወንድ ማንቲስ ሥራውን ይቀጥላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ኬኔት ሮደር የተባለ ተመራማሪ በ1935 እንደገለጸው፣ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የነርቭ ቋጠሮ የሆዱን እንቅስቃሴ ገትቶ ይይዛል። ጭንቅላቱ ሲሄድ ልጓሙም አብሮ ይሄዳል።

ከተዳቀለች ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ሴቷ እንጨቱ ላይ አረፋ እየደፈቀች እንቁላሏን በውስጡ ትደረድራለች። አረፋው በሰዓታት ውስጥ ይደርቅና ጠባብ፣ ረዘም ያለ፣ እንጨት የመሰለ የእንቁላል ቤት ይሆናል። አርቢዎች ኦቴካ ይሉታል። በአንድ ጊዜ መዳቀል ብዙ ኦቴካ ልትጥል ትችላለች። ያልተዳቀለችም ትጥላለች፤ ግን አይፈለፈልም። አንድ ሁለት ቀን ጠብቃችሁ እንጨቱን ይዛችሁ አውጡት። በነበረበት አቅጣጫ አንጠልጥሉት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ እንደ እናቱ ቤት አልፎ አልፎ አርጥቡት። ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ ይፈለፈላል። ሃያ ሠላሳ፣ አንዳንዴም አርባ ጨቅላ ይወጣል። ጥቁር ናቸው። ጉንዳን ይመስላሉ፤ አረማመዳቸውም የጉንዳን ነው። ጉንዳን መምሰል ከብዙ ጠላት ያድናል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን አይበሉም። ከዚያ የፍራፍሬ ዝንቡን ልቀቁላቸው። ምግብ ከበዛ የጎስት ጨቅላዎች ለተወሰነ ጊዜ አብረው ይኖራሉ። እኔ ግን ከሁለተኛው ቅያሪ በኋላ ለየብቻ አደርጋቸዋለሁ። የተወሰኑት ይሞታሉ፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁ። በዱርም አብዛኞቹ አያድጉም።

የተረፉትን ግን ውጭ አትልቀቁ። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። በኒውዚላንድ የሆነውን እዩ። ሚዮማንቲስ ካፍራ የተባለች ትንሽ የደቡብ አፍሪካ ማንቲስ በ1978 ኦክላንድ ውስጥ ተገኘች። ዛሬ የአገሩን ማንቲስ እያስወጣች ነው። ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት የአገሩ ወንዶች በእሷ ሽታ ተስበው እንደሚሄዱና ብዙ ጊዜ እንደሚበሉ አሳየ። ከገዛ ዓይነታቸው ሴት ይልቅ ወደ እሷ ነው ያዘነበሉት። ለአርቢ ጓደኛ ስጡ፣ ለትምህርት ቤት ስጡ፣ ወይም ትርፍ ኦቴካውን ሳይፈለፈል ፍሪዘር ውስጥ አድርጉት። በሻንጣ ድንበር ማሻገርም እንዲሁ ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካ ያለ ፈቃድ በሕይወት ያለ ነፍሳት ማስገባት ክልክል ነው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ ማንቲስ ካገኛችሁ ለጥቂት ቀን ይዛችሁ አይታችሁ ባገኛችሁበት ቁጥቋጦ መመለስ ትችላላችሁ። በክረምት ማግስት ሣሩ ሲያድግ አጥሩ ሥር ፈልጓት። የዱር ማንቲስ ውስጥ ረዥም ክር የመሰለ ትል ሊኖር ይችላል፤ ኦቴካዋንም ጥቃቅን ተርቦች ወግተውት ሊሆን ይችላል። ማንቲስ ጠብቃችሁ ተርብ ሲወጣ አትደንግጡ።

አሁን መስኮቴ ሥር ያለችው ሴት አርጅታለች። ክንፏ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል። አንድ ዓይኗ ላይ የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ወጥቷል። እግሯ እንደ ድሮው ክዳኑን አይጨብጥም፤ ስለዚህ እንጨቱን ዝቅ አድርጌላታለሁ። ዝንቡን በወረንጦ ይዤ እስከ አፏ አቀርብላታለሁ። ዛሬ ጠዋት አራተኛውን ኦቴካ ጥላለች፤ ከቀደሙት ያነሰ ነው። ቀኑን ጽፌ ከሌሎቹ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። የመጀመሪያው ሊፈለፈል ሁለት ሳምንት ገደማ ይቀረዋል፤ የዝንቡን ጠርሙስ ትናንት ጀምሬያለሁ።